ብርድ ልብሱ ተገዝቷል፤ የክትባት ካርዱስ የት አለ?

(በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ፣ ልጆቻቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ ለሚልኩ አባላት የቀረበ ንግግር)

ከሁሉ በፊት ልጆቻችሁ ውጤት አምጥተው ለዚህ ለበቃችሁ እናቶች እንኳን ደስ ያላችሁ። በጉልት ገበያ፣ በእንጀራ ጋገራ፣ በሰው ቤት ልብስ አጠባ ልጅ ለዚህ ማድረስ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ያለን ሁላችንም እናውቃለን።

እንደምታውቁኝ እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሐኪምም ነርስም አይደለሁም። የጤና ኮሚቴያችን ስለ ክትባት እንድናገር ሲጠይቀኝ «ለምን ነርስ አትጋብዙም?» ብዬ ነበር። «ነርሶቹ የሚሉትን ጤና ጣቢያ ስንሄድ እንሰማለን፤ አንቺ ደግሞ ወረቀቱን እንዴት እንደምንይዝና ምን እንደጎደለን እንደምናውቅ ንገሪን» አሉኝ። እኔም ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠይቄ፣ አንብቤ፣ በሂሳብ ዓይን ያየሁትን ይዤ መጥቻለሁ።

ዩኒቨርሲቲዎች ለአዲስ ተማሪዎች የሚያወጡትን ጥሪ አይታችሁታል። ይዛችሁ ኑ ተብሎ የሚዘረዘረው ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት ዋናውና ኮፒው፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ባለፉት ዓመታት በእጄ የገቡትን ጥሪዎች ሁሉ መስመር በመስመር አይቻለሁ። «የክትባት ካርድ» የሚል አላገኘሁባቸውም። ስለዚህ እኛም ብርድ ልብሱን ከመርካቶ ገዝተን፣ ሻንጣውን ዘግተን፣ አየር ጤና መናኸሪያ ድረስ ሸኝተን፣ አልቅሰን እንመለሳለን። ያልተጠየቀ ወረቀት ማን ያስታውሳል?

ሌላ አገር እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ በአሜሪካ የኒው ዮርክ ግዛት ሕግ የኮሌጅ ተማሪ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት መውሰዱን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ማስረጃ የሌለው ትምህርቱን መቀጠል አይችልም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ በር ላይ የሚጠብቅ ሰው የለም። ታዲያ በር ላይ የሚጠይቅ ከሌለ፣ የሚጠይቀው ቤት ውስጥ ያለው ሰው መሆን አለበት። እኔ በበኩሌ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም አንድ ቀን ቢጠይቁ ደስ ይለኛል፤ ግን በአንድ ክፍል ስድስትና ስምንት ሆነው የሚተኙት የእኛ ልጆች እስከዚያ አይጠብቁም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። በሂሳብ ሥራ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል። «ከፍያለሁ፣ እማኝ አለኝ» ማለት ለኦዲተር አይሠራም። የክትባት ካርድም ደረሰኝ ነው። «ልጄ ሁሉንም ተከትባለች» የምትል እናት ብዙ ጊዜ እውነቷን ነው፤ ግን የትኛውን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ ሲባል መልሱ ያለው ካርዱ ላይ ነው። ካርዱ ደግሞ ቤት ስንቀይር፣ ሰፈር ስንለቅ፣ ጎርፍ ሲገባ ይጠፋል። የታላቅ እህቴ ልጅ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝታ ካርድ ስትጠየቅ፣ እህቴ ካርዱን ከሁለት ቤት በፊት በነበረችበት ቤት እንደነበረ ብቻ ነው የምታስታውሰው። ልጅቷ በደሟ የበሽታ መከላከያ አቅም መኖሩን ለማስመርመር ገንዘብ ከፈለች፤ ጊዜም አለፈባት። ካርድ ጠፍቶባችሁ ከሆነ ግን ተስፋ አትቁረጡ። ልጁ የተከተበበት ጤና ጣቢያ የክትባት መዝገብ ይይዛል። የተወለደበትን ዓመትና ወር ይዛችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። መዝገቡ ካልተገኘ ደግሞ የጤና ባለሙያው ሲያዝ እንደገና መከተብ ጉዳት የለውም።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የምትገባ የ18 ዓመት ልጅ በ1999 ወይም በ2000 ዓ.ም. የተወለደች ናት። በአገራችን የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ሲሆን መጀመሪያ ላይ ስድስት በሽታዎችን ነበር የሚከላከለው፤ እነሱም የሳንባ ነቀርሳ፣ የልጅነት ልምሻ፣ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍና ኩፍኝ ናቸው። አምስቱን በአንድ መርፌ የያዘው፣ የጉበት በሽታ ቢ መከላከያን የጨመረው ክትባት የመጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። የሳንባ ምች መከላከያው በ2004፣ የተቅማጥ ሮታ መከላከያው በ2006 ገባ። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2011 ነው። እንግዲህ አስሉት። የእኛ ልጅ የጉበቱን ክትባት ለማግኘት ጫፍ ላይ የተወለደች ናት። ታላቋ በ1996 የተወለደች ከሆነች አላገኘችም። ኩፍኙንም በመደበኛው መንገድ በ9 ወሯ አንዴ ብቻ ነው የወሰደችው። በ9 ወራቸው ከሚከተቡ 100 ሕፃናት በመጀመሪያው መርፌ በደንብ የሚጠበቁት 85 ያህሉ ናቸው። በዘመቻ ጊዜ ትንሿ ጣት ላይ ቀለም እየተቀባ የተሰጠውም አለ፤ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካርድ ላይ አልተጻፈም።

አዲስ አበባ ከሌላው አገር የተሻለች እንደነበረች አውቃለሁ። ሆኖም በ2003 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመላው አገሪቱ ከ12 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት መካከል መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የጨረሱት 24 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን የወለድነው ገጠር ሆነን ነው፤ ኮልፌ የመጣነው በኋላ ነው። ዶርም ውስጥ አብረው የሚተኙት ልጆችም ከየአገሩ የመጡ ናቸው።

አሁን ረዘም አድርጌ የምናገረው ስለ ማሕፀን በር ካንሰር መከላከያው ነው። ምክንያቱም እዚህ ላይ ሐሜት በዝቷል።

በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማሕፀን በር ካንሰር ነው። እንደ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ግምት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ በሽታ ተይዘዋል፤ ከ5 ሺህ በላይ ደግሞ ሞተዋል። የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ለቫይረሱም ክትባት አለ። እኛ አገር በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት ለሞላቸው ሴት ልጆች በትምህርት ቤት መሰጠት ተጀመረ፤ ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ነበር። ከዚያ ኮሮና መጣ። መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በዓለም ላይም የክትባቱ እጥረት ነበር። የእኛ ልጆች 14 ዓመት የሞላቸው በዚያው ግርግር ውስጥ ነው። አንዳንዷ አንዴ ወስዳ ሁለተኛው ቀረባት። አንዳንዷ ያን ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች። አንዳንዷን ደግሞ እናቷ «ያመክናል» የሚል ወሬ ሰምታ አስቀረቻት።

አንዴ ብቻ ለወሰደችው እናት መልካም ዜና አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. መረጃውን መርምሮ፣ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 20 ዓመት ለሆኑ ሴቶች አንድ መርፌ ሊበቃ እንደሚችል አስታውቋል። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር በአገራችን ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች የተካሄደው ዘመቻም በአንድ መርፌ ነበር። ስለዚህ አንዴ የወሰደች ልጅ «ጎደለብኝ» ብላ መጨነቅ የለባትም። ከኤች አይ ቪ ጋር የምትኖር ልጅ ከሆነች ግን አንዱ አይበቃትም፤ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ነው የሚመከረው። ይህን ከክትትል ሐኪሟ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ፈጽሞ ያልወሰደች የ18 ዓመት ልጅ በመንግሥቱ ፕሮግራም ዕድሜዋ አልፏል። በግል የጤና ተቋም የሚገኝ ከሆነ ጠይቃችሁ ዋጋውን አውቃችሁ ወስኑ። ታናሽ እህት ካለቻትና በነጻ የሚሰጠው ዕድሜ ላይ ከሆነች ግን እሷን አታስመልጡ።

ስለ ማምከኑ ወሬ። ክትባቱ ከመቶ በላይ በሆኑ አገሮች ይሰጣል። አውስትራሊያ በ2007፣ ጎረቤት ልንላት የምንችለው ሩዋንዳ በ2011 እ.ኤ.አ. ጀምረዋል። በስኮትላንድ በ12 እና በ13 ዓመታቸው የተከተቡትን ሴቶች ተከታትለው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት ከእነሱ መካከል በማሕፀን በር ካንሰር የተያዘች አንዲትም አላገኙም። ወሬውን ያመጣው ሰው ግን ሲጠየቅ «ሲባል ሰምቼ ነው» ከማለት በቀር ሰነድ አያቀርብም። ሌላው የማይነገረው ፍርሃት ደግሞ አለ። «ይህን ክትባት ካስወሰድኳት የማይሆን ነገር ፈቅጄላታለሁ ማለት ነው» የሚሉ እናቶች አሉ። እኔ ይህን ፍርሃት አልንቅም። ግን እናቶቼ፣ ክትባቱ በደንብ የሚሠራው ከማንኛውም ግንኙነት በፊት ሲወሰድ ነው፤ ዓላማውም ልጅቷ አግብታ ወልዳ በ45 ዓመቷ እንዳትሞት ነው። የዛሬው ጨዋነቷ በመርፌ አይቀንስም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለራሳችን ልጨምር። ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 የሆናችሁ አባላት ለእናንተ ያለው ምርመራው ነው። ጤና ጣቢያ የማሕፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ይሰጣል፤ ደቂቃዎች ብቻ የሚወስድ ነው። ልጃችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ እግረ መንገዳችሁን ጠይቁ።

ወደ መንጋጋ ቆልፍ እንሂድ። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እርጉዝ ስንሆን ክንዳችን ላይ የምንወጋው ነው። አሁን ከዘጊ አናዳ መከላከያ ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። በዚህ ክትባት አማካኝነት ኢትዮጵያ በ2009 ዓ.ም. የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን መውጣቱ ተረጋግጦላታል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን እርጉዝ መሆን የግድ አለመሆኑን ነው። ከ15 እስከ 49 ዓመት ያለች ማንኛዋም ሴት በጤና ጣቢያ በነጻ ታገኛለች። አምስት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 4 ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ከ6 ወር በኋላ፣ አራተኛው ከዓመት በኋላ፣ አምስተኛውም ከሌላ ዓመት በኋላ። ደመርኩት፤ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ይሆናል። 15 ዓመት እንደሞላት የጀመረች ልጅ 18 ሳይሞላት ትጨርሳለች ማለት ነው። ዛሬ የምትጀምረው ደግሞ ሁለቱን ከመሄዷ በፊት ወስዳ ቀሪውን በየእረፍቱ መጥታ ወይም በምትማርበት ከተማ ልትወስድ ትችላለች። የሕፃንነት ካርዷ በእጅ ካለ ያኔ የወሰደችው ይቆጠርላትና ቀሪው ብቻ ይሰጣታል። ካርዱ ከሌለ ከአንድ ይጀመራል። ደረሰኝ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

የጉበት በሽታ ቢ በአገራችን በብዛት ያለ በሽታ ነው። በደም፣ በግንኙነት፣ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ይተላለፋል። ዶርም ውስጥ ምላጭና የጥፍር መቁረጫ መዋዋስ እንደ ፍቅር ይቆጠራል፤ ልጆቻችሁን ስለዚህ ንገሯቸው። ለልጆቻችን በሕፃንነት የተሰጠው ክትባት የጀመረው በ6 ሳምንት ስለነበረ፣ በወሊድ ጊዜ ከእናት የተላለፈውን አይከላከልም። በዚህ ምክንያት አዋቂ ሰው ሊከተብ ሲል መጀመሪያ ይመረመራል፤ ነጻ ከሆነ ሦስት ጊዜ ይከተባል፤ በመጀመሪያው ቀን፣ ከአንድ ወር በኋላ እና በስድስተኛው ወር። በምርመራ ቢገኝባትም የዓለም ፍጻሜ አይደለም፤ ክትትል አለው፣ መድኃኒትም አለው። ነርሲንግ፣ ላብራቶሪ፣ ሕክምና፣ አዋላጅ ነርስ ለመማር የተመደቡ ልጆች ያሏችሁ እናቶች ይህን በተለይ ስሙኝ፤ ልጆቻችሁ በተግባር ልምምድ ደም የነካው መርፌ ይይዛሉ። ከመጀመሪያው የሆስፒታል ልምምዳቸው በፊት ሦስቱን መጨረስ አለባቸው። ይህ ወጪ አለው። እኔ የምመክረው ከሻንጣውና ከስልኩ ወጪ ጋር አብራችሁ እንድታቅዱት ነው። ከቁጠባችን ብድር ስትጠይቁ «ልጅ ለመላክ» ብላችሁ በምትጽፉት ውስጥ ይህንንም አስገቡት፤ የብድር ኮሚቴው አባል ነኝና ቅጹ ላይ ሳየው ቅር አይለኝም።

ምደባው የት ነው የሚለውም ለውጥ ያመጣል። አርባ ምንጭ፣ ጋምቤላ፣ አሶሳ የደረሳት ልጅ ወባ ያለበት አገር ነው የምትሄደው። ለወባ እሷ ዕድሜ ላይ ላለ ሰው የሚሰጥ ክትባት የለምና አጎበር ከብርድ ልብሱ ጋር ይታሸግ፤ ካተኮሳት በዚያው ቀን ትመርመር። በ2012 ዓ.ም. በጉራጌ ዞን ቢጫ ወባ ተከስቶ በአካባቢው የክትባት ዘመቻ ተካሂዷል። እዚያ ዘመድ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። ልጃችሁ በአንድ ከተማ እያለች ዘመቻ ከታወጀ «አዲስ አበቤ ነኝ፣ አይመለከተኝም» እንዳትል ንገሯት።

የማጅራት ገትር በሰው ብዛት፣ በተዘጋ ክፍል፣ በበጋ ወራት የሚዛመት በሽታ ነው። ዶርም የሚባለውም ይኸው ነው። አገራችን በ1981 ዓ.ም. ገደማ ከ40 ሺህ በላይ ሰው የታመመበትን ወረርሽኝ አይታለች። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በየዙሩ ከ1 እስከ 29 ዓመት ላሉ ሰዎች በዘመቻ የተሰጠው ክትባት «ኤ» የሚባለውን ዓይነት ብቻ የሚከላከል ነበር። ሌሎችን ዓይነቶች ጨምሮ አራቱን የሚከላከለውን ሐጅና ዑምራ የሄዱ እናቶቻችን ያውቁታል፤ ሳዑዲ ያለ እሱ አታስገባም። ለአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ግን ማንም አይጠይቅም። አቅም ያለው በግል ይጠይቅ፤ አቅም የሌለው ደግሞ ምልክቱን ይወቅ። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ አንገት መድረቅ ካለ «እስኪ ትንሽ ልተኛ» ሳይባል ወዲያው ሐኪም ቤት።

ውጭ አገር የሚሄዱ ልጆች ያሏችሁ ጥቂቶች ናችሁና ባጭሩ። እኛ ልጆቻችን የወሰዱት ኩፍኙን ለብቻው ነው፤ እነሱ የሚጠይቁት ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ሩቤላ አንድ ላይ ያለበትን፣ ሁለት ጊዜ ነው። የቪዛ ወሬ እንደተጀመረ ጠይቁ፤ በሁለቱ መርፌዎች መካከል ቢያንስ 28 ቀን መኖር አለበት። ሕንድ የምትሄድ ልጅ የቢጫ ወባ ካርድ ትጠየቃለች፤ ከጉዞዋ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መከተብ አለባት። ያች ቢጫ ካርድ ዕድሜ ልክ ታገለግላለችና ከፓስፖርቱ ጋር ትቀመጥ።

የኮሮናውን አልደግመውም። ከመጋቢት 2013 ጀምሮ ብዙ ተብሎበታል፤ የወሰደች ልጅ ወረቀቱን ከሌላው ጋር ታስቀምጥ።

አሁን የሥራ ክፍፍሉ። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ የልጆቻችሁን ካርድ ይዛችሁ ኑ፤ የሁሉንም፣ የትንንሾቹንም ጭምር። ኮፒ እዚሁ እናደርጋለን፤ ወጪውን ኮሚቴው ችሎታል። አንዱ ኮፒ ልጅቷ ከትራንስክሪፕቷ ጋር ትይዘዋለች፤ አንዱ ቤት ይቀራል፤ በስልክም ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ይላክላታል። ዋናውን ካርድ ግን ላሚኔት እንዳታስደርጉት አደራ። ባለፈው አንዲት እናት በጥንቃቄ በፕላስቲክ አሽጋ አመጣችና ነርሷ አዲሱን የምትጽፍበት ቦታ አጣች። ካርድ ለጠፋባችሁ የልጁን የትውልድ ዘመንና የተከተበበትን ጤና ጣቢያ ስም የምንመዘግብበት ደብተር ከፍቻለሁ። ከወይራ ሰፈር፣ ከቤተልና ከዓለም ባንክ የመጣችሁ በየሰፈራችሁ ተሰባስባችሁ አንድ ቀን ብትሄዱ መዝገብ ቤቱንም አታሰለቹም፣ ታክሲም ትጋራላችሁ።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። የሕክምና ጥያቄ ከሆነ ጽፌ ለነርሷ አደርሳለሁ፤ የብድር ቅጹን ጥያቄ እዚሁ እመልሳለሁ።